ባለቤቱ የተሰወረበት ምርኮ፦ የወታደር ዝርፊያ በጦርነት ልብ ወለድና በጨዋታ

የኪነ ጥበብ ሥራ፣ ልብ ወለድ መጽሐፍም ሆነ ቲያትር፣ ፊልምም ሆነ በእጅ ስልክ ላይ የሚዘወተር ጨዋታ፣ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አይደለም። የተሠራበትን ዘመን ኑሮና ግንኙነት ያንጸባርቃል፤ በተራውም ተመልሶ በሰዎች አስተሳሰብ ላይ ይሠራል። ይህ እውነት ጎልቶ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ ጦርነትን የሚተርከው ሥራ ነው። ጦርነትን የሚተርክ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይኸውም ወታደሩ ከገባበት ቤት ይዞት የሚወጣው ዕቃ የማን ነበር? የሚለው ነው።

ዛሬ በየሠፈራችን፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ ወጣቶች በእጅ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ይታያሉ። ከሚጫወቷቸው ጨዋታዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውና በተከታዩ ዓመት በስልክ እንዲሠራ ሆኖ የተዘጋጀው ፐብጂ የተባለው ነው። እስከ 100 የሚደርሱ ተጫዋቾች ከአውሮፕላን በጃንጥላ ወደ አንድ ደሴት ይወርዳሉ። ሲወርዱ ባዶ እጃቸውን ናቸው። የመጀመሪያው ሥራቸው ወደ ቤቶቹ መሮጥ፣ በር መክፈትና ያገኙትን ጠብመንጃ፣ ጥይት፣ የራስ ቁርና መድኃኒት መሰብሰብ ነው። ቤት አለ፣ በር አለ፣ ደረጃ አለ፤ የሚኖርበት ሰው ግን የለም። ማን እንደነበረና ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም፤ ጨዋታውም እንዲጠየቅ አያደርግም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጨዋታን በጅምላ ማውገዝ አይደለም። የጦርነት ጨዋታ የተጫወተ ሁሉ ነገ ዘራፊ ይሆናል ብሎ መከራከርም ከእውነት የራቀ ነው። በዓለም ታሪክ እጅግ አሰቃቂ ዝርፊያ የፈጸሙ ሠራዊቶች የኮምፒዩተር ጨዋታ አይተው አያውቁም። ዝርፊያን የሚወልደው የሠራዊቱ አደረጃጀት፣ የአዛዡ ፈቃድ ወይም ዝምታ፣ የቀለብና የደሞዝ ሁኔታ፣ የተዘረፈውን ዕቃ የሚቀበለው ገበያ ነው። ልብ ወለዱና ጨዋታው የሚሠሩት ሥራ ሌላ ነው። እጃችንን ሳይሆን ዓይናችንን ያሠለጥናሉ፤ ባለቤቱን እንድናይ ወይም እንዳናይ ያደርጉናል። ጉዳዩን በቅደም ተከተል እንመልከት።

ቃሉ ራሱ ይመሰክራል

በመጀመሪያ የራሳችንን ቋንቋ እንመርምር። ፎካሪው ጀብዱውን ሲቆጥር የሚጀምርበት «ዘራፍ!» የሚለው ቃል ሥሩ ከ«ዘረፈ» ጋር አንድ ነው። ዛሬ ሰው የሌላውን ሰው ጉልበት ያለ ተገቢ ዋጋ መጠቀሙን የምንገልጽበት «ብዝበዛ» የሚለው ቃልም በጥንቱ አገባቡ ጦር የገባበትን አገር መዝረፍ ማለት ነበር። አጼ ዮሐንስ 4ኛ ከመንገሣቸው በፊት «በዝብዝ ካሣ» ይባሉ ነበር፤ ይህም በዘመኑ የጀግንነት እንጂ የነቀፌታ ስም አልነበረም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያ ሥርዓት ብዙው ወታደር የወር ደሞዝ አልነበረውም። ቀለቡ የሚሰፍርበት አገር ገበሬ ጎተራ ሲሆን ሽልማቱ ደግሞ ከድል በኋላ የሚያገኘው ምርኮ ነበር። ጦሩ የወዳጅ ይሁን የጠላት፣ ጎተራው ለተከፈተበት ገበሬ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ዝሆኖች ሲራገጡ ሣሩ ይጎዳል የሚለው አባባል ከመጽሐፍ የተቀዳ ሳይሆን ከዚህ ኑሮ የበቀለ ነው።

ይህ የኛ አገር ብቻ ታሪክ አይደለም። የአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ የበኩር ሥራ የሚባለው የሆሜር «ኢሊያድ» የሚጀምረው በጀግንነት ሳይሆን በምርኮ ክፍፍል ጠብ ነው። የግሪኮቹ አዛዥ አጋሜምኖን የአንድ ካህን ልጅ የሆነችውን ክሪሴይስን ማርኮ ይይዛል። አባትየው መቤዣ ይዞ ቢመጣ ያባርረዋል። ቸነፈር በሠራዊቱ ላይ ሲወርድና ልጅቱን ለመመለስ ሲገደድ ደግሞ በምትኳ የአኪሌስን ምርኮኛ ብሪሴይስን ይነጥቃል። አኪሌስ ተቆጥቶ ከውጊያ ይወጣል፤ የብዙዎችም ደም ይፈስሳል። ሁለቱ ጌቶች ስለ ክብራቸው ሲከራከሩ የሚከራከሩባት ሴት ዝም ትላለች። ይሁን እንጂ ሆሜር ወደ ድርሰቱ ማብቂያ ግድም፣ በ19ኛው ክፍል፣ ብሪሴይስን ጥቂት ያናግራታል። ባሏና 3 ወንድሞቿ በዚያው ጦርነት መገደላቸውን የምንሰማው ያን ጊዜ ነው። ምርኮ ተብላ የተቆጠረችው ሰው እንደነበረች ይታወሰናል። ሺህ ዓመታት ያለፉት ያ ድርሰት ይህን ያህል ማድረጉ ዛሬ ከሚወጡ ብዙ ሥራዎች የተሻለ ያደርገዋል።

በጦርነት ጀግና፣ በሰላም ወንጀለኛ

ዝርፊያ የግለሰብ አመል ሳይሆን የሥርዓት ውጤት መሆኑን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. ከ1618 እስከ 1648 የጀርመንን ምድር ያወደመው የሠላሳው ዓመት ጦርነት ነው። በዚያ ጦርነት ቅጥረኛ ሠራዊቶች በሰፈሩበት አገር ሕዝብ ላይ ቀለብና ገንዘብ እየጣሉ ይኖሩ ነበር። ጦርነቱ ራሱን በራሱ ይቀልብ ነበር ማለት ነው። በልጅነቱ በወታደሮች ተወስዶ በዚያ ጦርነት ውስጥ ያደገው ግሪመልስሃውዘን እ.ኤ.አ. በ1668 ባሳተመው «ሲምፕሊሲሲሙስ» በተባለው ልብ ወለዱ መጀመሪያ ላይ ወታደሮች አንድ የገበሬ ቤት ሲዘርፉ ያሳያል። ታሪኩን የሚነግረን የቤቱ ልጅ ነው። ልጁ የሚያየውን ነገር ትርጉም ገና አያውቅም፤ አንባቢው ግን ያውቃል። ደራሲው የተረከው ከፈረሱ ጀርባ ሆኖ ሳይሆን ከቤቱ ወለል ላይ ሆኖ ነው።

ከ270 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ከናዚዎች ሸሽቶ በስደት ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የቲያትር ሰው ቤርቶልት ብሬኽት «እናት ኩራዥና ልጆቿ» የተባለውን ተውኔት በዚያው በሠላሳው ዓመት ጦርነት ላይ ተመሥርቶ ጻፈ። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1941 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ኩራዥ ከሠራዊት ኋላ ጋሪ እየጎተተች ሸቀጥ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ከጦርነት እየተረፈች ልትነግድ ስትሞክር 3 ልጆቿን በጦርነት ታጣለች።

ለርዕሳችን ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው የበኩር ልጇ አይሊፍ ነው። አይሊፍ ወታደር ሆኖ ገበሬዎችን ገድሎ በሬዎቻቸውን ለሠራዊቱ ይነዳል። አዛዡ ወደ ድንኳኑ ጠርቶ ያመሰግነዋል፣ ሥጋና ጠጅ ያቀርብለታል። ከዓመታት በኋላ ሰላም ሆነ ተብሎ በታወጀባት አጭር ጊዜ ያንኑ ሥራ ይደግማል። የገበሬ ቤት ሰብሮ ሲገባ የቤቱ እመቤት ትሞታለች። በዚህ ጊዜ ግን ተይዞ ለሞት ይነዳል። ድርጊቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስሙ ነው። ትናንት ጀብዱ የተባለው ዛሬ ወንጀል ተባለ። ብሬኽት ተመልካቹን የሚጠይቀው ይህ ነው፦ ወታደሩን ዘራፊ ያደረገው ማን ነው? ከዝርፊያው ሥጋ የበላውስ ማን ነው?

በአማርኛም ቢሆን የልብ ወለድ ታሪካችን ጅማሬ የሚያኮራ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ያሳተሙትና ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ድርሰት የሚጀምረው በጦርነት ነው። ነገር ግን የሚከተለው የድል አድራጊውን ሠራዊት አይደለም። የሚከተለው የተማረከውን የጦር አለቃ፣ እሱን ለመቤዠት የሚንከራተቱትን ልጆቹን፣ ገንዘቡን ለማያውቀው ሰው የሚለግሰውን ነጋዴ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ጦርነትን ያየው ከተዘረፈው ቤተሰብ ወገን ሆኖ ነው።

መቅደላና የልጆች መጽሐፍ

የቅኝ ግዛት ዘመን ሲመጣ ዝርፊያ ይበልጥ ተደራጀ። ለጦር ሜዳ ዝርፊያ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት «ሉት» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ከሂንዲ ቋንቋ የተወሰደ ነው። እንግሊዞች ቃሉን ያገኙት ሕንድን በያዙበት ጊዜ ነው፤ ዕቃውን ሲወስዱ ስሙንም አብረው ወሰዱ።

እ.ኤ.አ. በ1868 በለንደን ከጥር እስከ ነሐሴ በአንድ መጽሔት ላይ በተከታታይ ይወጣ የነበረው የዊልኪ ኮሊንስ «የጨረቃ ድንጋይ» የተባለው ልብ ወለድ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1799 የእንግሊዝ ጦር የሕንዱን የሲሪንጋፓታምን ከተማ ሰብሮ ሲገባ ነው። አንድ መኮንን ጠባቂዎችን ገድሎ ከቅዱስ ሥፍራ የተወሰደ አልማዝ ይነጥቃል። አልማዙ እንግሊዝ አገር ገብቶ የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ሀብት ይሆናል። ታሪኩ ሁሉ የዚያ ድርጊት መዘዝ ነው፤ በመጨረሻም ዕቃው ወደ አገሩ ይመለሳል። ደራሲው ለአገሩ ባለጸጎች የነገራቸው ነገር ቀላል አልነበረም፤ በሳሎናችሁ የሚያንጸባርቀው ነገር ባለቤት አለው ማለቱ ነበር።

የለንደን አንባቢ ይህን ታሪክ በየሳምንቱ ሲከታተል የአገሩ ሠራዊት መቅደላ ደርሶ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ተያዘ፤ አጼ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሠዉ። ወዲያው የቤተ መንግሥቱና የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንብረት ተዘረፈ። የተወሰደው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ። በዚያም ለ2 ቀናት ሐራጅ ተካሄደ። ከሠራዊቱ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። ከሽያጩ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ዝርፊያው በጨለማ የተፈጸመ ስርቆት አልነበረም፤ ጨረታ፣ ደረሰኝና ክፍያ የተበጀለት ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ ለእውነት ስንል አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። በመቅደላ ከተከማቸው ቅርስ ብዙው ራሳቸው አጼ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አስወስደው ያመጡት ነበር። ጎንደርንም በ1859 ዓ.ም. ጦራቸው መዝብሯታል። የናፒየር ሠራዊት ወንጀል በዚህ አይቀንስም። ሆኖም «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለባዕዱ ብቻ ሳይሆን ለራሳችንም ማቅረብ እንዳለብን ያስታውሰናል።

ከዚያ ሠራዊት ጋር «ስታንዳርድ» የተባለው የለንደን ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ የዘመተ ጆርጅ አልፍሬድ ሄንቲ የሚባል ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ወደ መቅደላ ስለተደረገው ጉዞ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር የሆነው ግን በሌላ ሥራ ነው፤ ለወንዶች ልጆች ከ100 የሚበልጡ የጦርነትና የጀብዱ መጻሕፍት ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1884 የወጣው «ከክላይቭ ጋር በሕንድ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ችግረኛ የነበረ ወጣት ወደ ሕንድ ይሄዳል፣ ይዋጋል፣ ባለጸጋ ሆኖ ይመለሳል። ባለታሪኩ ጨዋና ደፋር ነው፤ ያካበተው ሀብት ከማን ጓዳ እንደወጣ ግን ለልጁ አንባቢ ጥያቄ ሆኖ አይቀርብለትም። እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን እያነበበ ያደገው ትውልድ ቅኝ ግዛቶቹን ሊያስተዳድር ተላከ። ደላንታ ሜዳ ላይ ከነበረው ሠራዊት ጋር የተጓዘ ሰው ምርኮ ባለቤት እንዳለው ሳያውቅ ቀርቷል ለማለት አይቻልም። ባለቤቱን ከመጽሐፉ ማስወጣት ምርጫ ነበር።

ባቡሩን ያዘገዩት ሠራተኞች

በፊልምም ቢሆን ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው «የኬሊ ጀግኖች» የተባለው የአሜሪካ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1944 በፈረንሳይ የሚዋጉ ወታደሮች ከጠላት መስመር ጀርባ ባለ ባንክ የተከማቸ ወርቅ ለመዝረፍ ሲዘምቱ ያሳያል። ፊልሙ ተመልካቹን ያስቃል፤ በጄኔራሎች ከንቱ ውዳሴም ያላግጣል። ነገር ግን ወርቁ ከማን እንደተሰበሰበ አይጠይቅም። ወርቁ እንደ ዱር ፍሬ ያገኘው የሚለቅመው ነገር ሆኖ ይታያል።

ከዚያ 6 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የወጣው «ባቡሩ» የተሰኘው ፊልም ግን ያንኑ ዓመትና ያንኑ አገር ይዞ ሌላ ነገር ያሳያል። ናዚዎች ፓሪስን ለቅቀው ሲወጡ የዘረፏቸውን ሥዕሎች በባቡር ጭነው ወደ ጀርመን ለማሻገር ይሞክራሉ፤ የፈረንሳይ የባቡር ሠራተኞች ደግሞ ባቡሩን ያዘገያሉ። የፊልሙ መሠረት እውነተኛ ታሪክ ነው። የተዘረፉት ሥዕሎች ይከማቹበት በነበረው የፓሪስ ሙዚየም ትሠራ የነበረችው ሮዝ ቫላን የሚወሰደውን ሁሉ በምሥጢር ትመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1944 ሥዕል የጫነው ባቡር ከፓሪስ ርቆ ሳይሄድ ሠራተኞቹ በሚፈጥሩት መዘግየት ታግቶ ቆየ፤ ጭነቱም ተረፈ። ከጦርነቱ በኋላ የቫላን መዝገብ ብዙ ዕቃዎችን ለባለቤቶቻቸው ለመመለስ ረዳ።

ፊልሙ ግን ድሉን ብቻ አይተርክም። በመጨረሻው ትዕይንት በአንድ ወገን የሥዕል ሣጥኖች ተዘርግተው፣ በሌላው ወገን የተረሸኑ ሰዎች ሬሳ ወድቆ ይታያል። ለዕቃው የተከፈለው ዋጋ ከዕቃው አጠገብ ተቀምጧል። ተመልካቹ ሳይከራከርና ሳያስብ ከአዳራሹ አይወጣም። የዝርፊያ ታሪክ ሲተረክ ሠርቶ አደሩ የሚወክለው ይህን ወገን ነው፤ ዕቃ ለቃሚውን ሳይሆን መዝገብ ያዡንና ባቡር አዘግዪውን።

ባለቤት የሌለው ሣጥን

አሁን ወደ ጨዋታ እንመለስ። በጨዋታ ውስጥ ዝርፊያ እንዴት የሽልማት ሁሉ መሠረት እንደሆነ ለመረዳት ወደ 1974 (እ.ኤ.አ.) መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በአሜሪካ የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ የተወለደው ከጦርነት ጨዋታዎች ነው። በደንቡ መሠረት ተጫዋቹ ከዋሻ ይዞት የሚወጣው ወርቅ የልምድ ነጥብ ይሆንለታል፤ ብዙ ወርቅ ያወጣ በማዕረግ ያድጋል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ብዙ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ይህን ሐሳብ ወርሰዋል። ግደል፣ በርብር፣ ውሰድ፣ እደግ።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው «ወልፈንስታይን» ሌላ ምሳሌ ነው። ተጫዋቹ ከናዚዎች እስር የሚያመልጥ የአሜሪካ ወታደር ነው። በሚያልፍባቸው ክፍሎች መስቀል፣ ጽዋ፣ ሣጥንና ዘውድ ያገኛል፤ ሁሉም ነጥብ ያስገኛሉ። ደረጃው ሲያበቃ ከውድ ዕቃው ስንት በመቶውን እንደሰበሰበ ይነገረዋል። ናዚዎች ያን መስቀልና ያን ጽዋ ከየት አመጡት? በእውነተኛው ታሪክ መልሱ ይታወቃል፤ ከወረሯቸው አገሮች ሕዝብ፣ ከሙዚየሞች፣ ከአይሁድ ቤቶች ነው። በጨዋታው ግን ከዘራፊ የተዘረፈ ዕቃ ለአዲሱ ወሳጅ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ሮም፦ ቶታል ዎር» ደግሞ ነገሩን እስከ መጨረሻው ድረስ ያቀልለዋል። ከተማ የያዘ ተጫዋች 3 ምርጫ ይቀርብለታል፦ ከተማዋን መያዝ ብቻ፣ ሕዝቡን ባሪያ ማድረግ፣ ወይም ሕዝቡን መፍጀት። ግምጃ ቤቱ የሚያገኘው ገንዘብ በቁጥር ይቀመጥለታል። የጥንቱ ሮማዊ ሠራዊት ይህን ማድረጉ እውነት ስለሆነ ጨዋታው ታሪክ ዋሽቷል አይባልም። ነገር ግን የሚታየው የሒሳብ መዝገብ የገቢው ወገን ብቻ ነው፤ የወጪው ወገን፣ የተቃጠለው ቤትና የተሸጠው ልጅ፣ አይታይም። አንድ ጊዜ በመጫን ያልቃል።

የዚህ ሁሉ የኢኮኖሚ መሠረት ምንድን ነው? ጨዋታ የሚሠሩ ኩባንያዎች ሸቀጥ አምራቾች ናቸው። ተጫዋቹ እንዲቆይላቸው ይፈልጋሉ፤ «የሚቀጥለው ሣጥን ውስጥ ምን ይኖር ይሆን?» ከሚለው ጉጉት የበለጠ የሚያቆይ ነገር ደግሞ ጥቂት ነው። በዚህ መንገድ ተጉዘው በመጨረሻ ሣጥኑን ራሱን ለተጫዋቹ መሸጥ ጀመሩ። ምን እንደያዘ የማይታወቅ ሣጥን ተጫዋቹ በእውነተኛ ገንዘብ ገዝቶ ይከፍታል፤ ዕድሉ ያወጣለትን ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በአንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ ያሉት እንዲህ ያሉ በገንዘብ የሚገዙ ሣጥኖች የአገሪቱን የቁማር ሕግ የሚጥሱ ናቸው ሲል ወሰነ። ዘራፊ ሆኖ እንዲጫወት የተጋበዘው ወጣት የገዛ ኪሱ እየተበረበረ መሆኑን ላያስተውል ይችላል።

ሌላ መንገድ አለ

ይህን ስንል ጨዋታ በተፈጥሮው እንዲህ መሆን አለበት ማለታችን አይደለም። በፖላንድ ዋርሶ ከተማ የሚገኝ አንድ የጨዋታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 «ይህ የኔ ጦርነት» የሚል ትርጉም ያለው ጨዋታ አወጣ። ለሥራው መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 የቦስኒያዋ ሳራዬቮ ከተማ የደረሰባት ከበባ ነው። ተጫዋቹ የሚመራው ወታደሮችን ሳይሆን በተከበበች ከተማ የቀሩ ጥቂት ሲቪሎችን ነው። ቀን ቤታቸውን ይጠጋግናሉ፣ ያገኙትን ያበስላሉ፤ ሌሊት ምግብና መድኃኒት ፍለጋ ይወጣሉ።

ከሚደርሱባቸው ቤቶች በአንዱ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ይኖራሉ። ምግብና መድኃኒት አላቸው፤ መከላከያ ግን የላቸውም። ተጫዋቹ የፈለገውን መውሰድ ይችላል፤ የሚከለክለው የለም። ከወሰደ ግን የሚመራቸው ሰዎች በሐዘን ይዋጣሉ፤ ሐዘኑ ከጠናባቸውም እህል አይዋጥላቸውም፣ ሥራ አይሆንላቸውም። ካልወሰደ ደግሞ በቤት የቀረው ሕመምተኛ ሊሞት ይችላል። እዚህ ላይ ዝርፊያ ነጥብ አይደለም፤ ዋጋ የሚያስከፍል ውሳኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የፖላንድ መንግሥት ጨዋታው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩ ሥራዎች ጋር እንዲካተት መወሰኑን አስታወቀ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ «አርማ 3» ለተባለው የወታደራዊ ጨዋታ ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር በመተባበር ስለ ጦርነት ሕጎች የሚያስተምር ተጨማሪ ክፍል ወጣ። ተጫዋቹ እንደ ወትሮው ተኳሽ ሳይሆን ጦርነት ካለፈ በኋላ ፈንጂ የሚያመክን የእርዳታ ሠራተኛ ሆኖ በወደመ መንደር ውስጥ ያልፋል። ወታደር ሆኖ ያየውን መንደር ነዋሪው እንደሚያየው ደግሞ ያየዋል። እነዚህ ሥራዎች የሚያስረዱን አንድ ነገር ነው። ባለቤቱን ማሳየት የቴክኒክ ችግር የለበትም፤ የሚጠይቀው ፈቃድ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የኛም ነው

አንባቢ ይህ ሁሉ የባዕድ አገር መጽሐፍና መጫወቻ ጉዳይ ነው ብሎ እንዳያልፈው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ዝርፊያ ምን እንደሆነ ሕዝባችን በዓይኑ አይቷል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል በትግራይ ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈው አግኝቷል። ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ክልሎች በተስፋፋ ጊዜም ሆስፒታሎች፣ ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ጋር ስለ ትግራዩ ጦርነት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ያወጣው የጋራ ሪፖርት የተፋላሚ ወገኖች ሁሉ በደል መፈጸማቸውን አመልክቷል።

ከጤና ጣቢያ የተነቀለ የማዋለጃ አልጋ ለወሰደው ሰው ብረት ነው፤ ሌሊት ምጥ ለያዛት እናት ግን የልጇ ሕይወት ነው። ከገበሬ በረት የተነዳ በሬ ለነጂው የአንድ ቀን ሥጋ ነው፤ ለገበሬው የከርሞ እርሻ ነው። የዝርፊያ እውነተኛ ዋጋ የሚለካው በዘራፊው እጅ ባለው ዕቃ ሳይሆን በባለቤቱ ቤት በተፈጠረው ጉድለት ነው። ልብ ወለዱና ጨዋታው የሚሰውሩብን ይህን ሁለተኛውን ልክ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. የ1907 የሄግ ስምምነትና የ1949 የጄኔቫ ስምምነት ዝርፊያን ይከለክላሉ። የአገራችንም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 273 ወታደራዊ አስፈላጊነትን ሰበብ በማድረግ ዝርፊያን ያደራጀውን፣ ያዘዘውን ወይም የፈጸመውን ሁሉ ይቀጣል። ሕግ አውጪው የዘረፈውን ብቻ ሳይሆን ያዘዘውንም መጥራቱን ልብ ይሏል። ይሁንና ሕግ ብቻውን አይበቃም። የተዘረፈ ዕቃ ገዢ ባያገኝ ኖሮ ብዙው ባልተዘረፈ ነበር። ዋጋው ያለ ልክ የረከሰ ማሽን፣ ቴሌቪዥን ወይም የሆስፒታል ዕቃ ወደ ሠፈር ሲመጣ፣ ከየት መጣ? ብሎ የማይጠይቅ ገዢ ከደላንታው ሐራጅ ተጫራች በመሠረቱ አይለይም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ስልኩን ከልጅ እጅ መንጠቅ መፍትሔ አይሆንም፤ የተነጠቀው በሌላ ቤት ይጫወታል። የሚሻለው አጠገቡ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ቤት የማን ነበር? ሰዎቹ ወዴት ሄዱ? ሲመለሱ ምን ያገኛሉ? ልጁ መልስ ባይኖረው አያስገርምም፤ ጨዋታው መልስ አላበጀለትምና። ጥያቄው ግን ከልጁ ጋር ይቀራል። በየአካባቢው ያሉ የነዋሪዎች ማኅበራት፣ የወጣት ማዕከላትና የመሥሪያ ቤት ክበባትም ፊልም ሲያሳዩና መጽሐፍ ሲያወያዩ ይህንኑ መመዘኛ ሊይዙ ይችላሉ። ደራሲያንና ወጣት የጨዋታ ሠሪዎቻችንም ስላለፈው ጦርነት የሚሠሩበት ጊዜ ደርሷል። ከሠራዊቱ ጀርባ ሆነው ሳይሆን ከተዘረፈችው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ጋር ቆመው ሊተርኩ ይችላሉ።

ወታደሩ ከፍቶት የሚገባው በር ሁሉ በአንድ ሰው ላብ የተሠራ በር ነው። መጽሐፉ ይህን ቢረሳ አንባቢው አይርሳ፤ ጨዋታው ይህን ቢሰውር ተጫዋቹ ይጠይቅ።